ያመነው ሰው የማን ነው?

ስለ ስብከተ ወንጌል ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰባኪው ነው፤ ባሕር ስለ መሻገሩ፣ ስለ መራቡ፣ ስለ መታሰሩ። እኔ ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሌላው ሰው ነው፤ ይኸውም ተሰብኮለት ስላመነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ካመነ በኋላ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ «የክርስቶስ ነዋ!» ብሎ መመለስም ቀላል ነው። እኔም እንዲሁ እመልስ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ አገር ተማሪ ከእኔ ጋር በአንድ የመኝታ ክፍል ይኖር ነበር። ስሙንም አገሩንም አልጽፍም፤ ሳላስፈቅደው ስለ እርሱ መጻፌ ራሱ ይበቃል። የመጣው ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ በቤታቸው ክርስትና አልነበረም። አንድ እሑድ ማለዳ ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ «ወዴት ነው?» አለኝ። «ቤተ ክርስቲያን» አልሁት። «ልከተልህ?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ተከተለኝ።

እኔም አስተማርሁት። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ጀመርን። ምሥጢረ ሥላሴን በፀሐይ ምሳሌ፣ በክበቧ፣ በብርሃኗና በሙቀቷ፣ ልክ እኔ እንደ ተማርሁት አስረዳሁት። ከእኔ የበለጠ ጠያቂ ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ይዤ ወደ መምህራን እሄድ ነበር። በቅዳሴ ጊዜ ንኡሰ ክርስቲያን የሆኑ ሁሉ እንዲወጡ ዲያቆኑ ሲያውጅ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ትእዛዙ የሚመለከተው እርሱን ብቻ ነበር። ያን ዐዋጅ ከልጅነቴ ጀምሬ ስሰማው ማንንም ሲያስወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። እርሱ ግን ሳያጉረመርም ወጥቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ከጥዱ ሥር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ከሃይማኖቱ ጋር አያይዤ ሌላም ሌላም አስተማርሁት። ነጠላ ገዛሁለት፤ እንዴት እንደሚጣፋም አሳየሁት። ለሽማግሌ ከመቀመጫው እንዲነሣ፣ ደኅንነቱን ሲጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ እንዲመልስ ነገርሁት። አባታችን ሆይን በላቲን ፊደል ጽፌ በአማርኛ በቃሉ አስጠናሁት። «ጸ»ንና «ቀ»ን እንደ እኛ አጥብቆ ሲጠራቸው እናቶች በደጀ ሰላሙ ከብበው «አንተ ልጅ፣ ያገራችን ሰው ሆንህ እኮ!» ይሉት ነበር። በጣም ደስ አለኝ። የተመረቀው እርሱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰድሁት ግን እኔ ነበርሁ።

ታዲያ አንድ ማታ መብራቱን አጥፍተን ከተኛን በኋላ ከአልጋው ሆኖ «አባታችን ሆይን በአያቴ ቋንቋ ብጸልይ ይፈቀዳል?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ጥቂት አሰብሁና «ይፈቀዳል፤ ግን በአማርኛ ቢሆን ይሻላል፤ በግእዝ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው» አልሁት። «እሺ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት እሑድ መጣ። ቀጥሎ ፈተና ደረሰ፤ ከፈተናው በኋላም መምጣቱን አቆመ። ዓመቱ ሲያልቅ ሳይጠመቅ ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያ መልሴ ምክንያት ቀረ አልልም፤ ሰው የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እርሱም አልነገረኝም። እኔን የሚቆጠቁጠኝ መቅረቱ ብቻ አይደለም። «ይፈቀዳል?» ብሎ ወደ እግዚአብሔር የሚጸልይበትን ቋንቋ እኔን ማስፈቀዱ ነው። ይህን ሥልጣን ማን ሰጠኝ? እርሱስ በእኔ እጅ እንዳለ እንዲያስብ ያደረግሁት ምን ብዬ ነው?

ይህን በልቤ ይዤ የሐዋርያትን ሥራ ምዕራፍ ስምንትን ደግሜ አነበብሁ። ስለ ጃንደረባው ሁላችን ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ግጥም ገጥመንለታል፤ በበዓል ጭውውት ሠርተንለታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሠረገላውን የሚጎትት ፈረስ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ነገር ግን ከጥምቀቱ በኋላ የሆነውን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከውኃው እንደ ወጡ መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወሰደው፤ ጃንደረባውም ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ እያለው ጉዞውን ቀጠለ። አለቀ! ፊልጶስ አብሮት ወደ ኢትዮጵያ አልወረደም፤ ሰው አልላከበትም፤ በደብዳቤ አልተቈጣጠረውም።

ይህን ይዤ «እንግዲህ አጥምቆ መሄድ ነው» ብል ግን እስታለሁ። ጃንደረባው ያልተዘጋጀ ሰው አልነበረም፤ ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዷል፤ የነቢዩ የኢሳይያስ መጽሐፍ በእጁ ነበር። ፊልጶስም ሰልችቶት አልሄደም፤ ተወሰደ እንጂ። አዲስ አማኝን ምንም ሳያስጨብጡት ጥሎ መሄድ ወልዶ መጣል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ዓመት ከመንፈቅ፣ በኤፌሶን ወደ ሦስት ዓመት ተቀምጦ አስተምሯል፤ ከኤፌሶን ሽማግሌዎች ጋር በሚሊጢን ሲሰነባበትም አልቅሰዋል። ስለዚህ ጥያቄዬ አስተማሪው ስንት ጊዜ ይቀመጥ የሚል ብቻ ሊሆን እንደማይችል ተረዳሁ።

ደግሞም ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ እኛ ራሳችን ያመንን፣ የተሰበከልን ሕዝብ ነን። ከጢሮስ የመጣው ፍሬምናጦስ፣ የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ጳጳስ ይሾምላት ብሎ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ከአንተ የሚሻል የለም ብሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። ይህ መልካም ጅምር ነበረ። ኋላ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱልን። ቋንቋችሁን ትታችሁ የእኛን ተማሩ አላሉንም። ዛሬ በግእዝ የምንመካው እነዚያ መነኮሳት የእኛን አንደበት ስላልናቁ ነው። እኔም በዚያው በግእዝ የሌላውን ሰው አያት አንደበት ናቅሁ!

ነገር ግን ሌላም ገጽ አለው። ከአባ ሰላማ በኋላ 1600 ዓመታት ያህል ጳጳሳችን ከእስክንድርያ ይመጣ ነበር፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላ ለማስመጣት መልእክተኛ እጅ መንሻ ተሸክሞ በረሃ ያቋርጣል። መንገዱ የተዘጋ እንደ ሆነ አገሪቱ ለዓመታት ያለ ጳጳስ ትቀራለች፤ ጳጳስ ከሌለ ደግሞ ክህነት የሚሰጥ፣ ሜሮን የሚቀባ የለም። ብዙዎቹ አባቶች ሲመጡ ቋንቋችንን አያውቁም ነበር። በፍትሐ ነገሥታችንም ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል ቃል ተጽፎ ኖረ። ከቅዱስ ያሬድ አገር፣ ከአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ለጵጵስና የሚበቃ ሰው ጠፍቶ ነበር ብሎ የሚያምን ማን ነው? በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ ሌላውን የመሾም ሥልጣን ግን አልተሰጣቸውም። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ ልጅነታችን አላለቀም።

ይህን ስጽፍ የእስክንድርያን አባቶች ለመንቀፍ አይደለም። የአትናቴዎስንና የቄርሎስን ሃይማኖት የሰጡን እነርሱ ናቸው፤ ራሳቸውም በሌላ መንግሥት እጅ ተጨንቀው የኖሩ ናቸው። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ያመነ ልጅዋን አሥራ ስድስት መቶ ዓመት «ገና ነህ» ልትለው ትችላለች፤ ይህንንም በክፋት ሳይሆን በለመደ አሠራር ልታደርገው ትችላለች።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። የሌላውን አሠራር ባይ ይሻለኛል ብዬ በቤተ መጻሕፍት ስፈልግ ያገኘሁት፣ ወደ ጃፓን የሄደው የሩሲያዊው መነኵሴ የኒኮላይ ታሪክ ነው። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በኬልቄዶን ምክንያት የተለያየች መሆኗን አልዘነጋሁም፤ የሐዋርያነት ሥራውን መመርመር ግን አይከለከልም። (ከዚህ በታች የጠቀስሁት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኢቫን ካሳትኪን፣ በምንኵስና ስሙ ኒኮላይ፣ ሐኮዳቴ በተባለችው የጃፓን ወደብ ለነበረው የሩሲያ ቆንስላ ቄስ ሆኖ በ1861 ሲደርስ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር፤ ከእኛ ብዙም አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ክርስትና በጃፓን 250 ዓመታት ያህል ተከልክሎ የኖረ ሃይማኖት ነበር። መስበክ አይችልም። ምን አደረገ? ተማረ። ሰባት ዓመት ያህል የጃፓንን ቋንቋ፣ ታሪክና የቡድሃን ሃይማኖት ሲያጠና ኖረ። እኔ በስምንት ወር ውስጥ ከጓደኛዬ ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ አልጠየቅሁትም።

በዚያች ከተማ ሳዋቤ ታኩማ የሚባል ሰው ነበር። ከሳሙራይ ወገን የሆነ፣ ሰይፍ የታጠቀ፣ የሺንቶ ሃይማኖት ካህን ነው። ይህ ሩሲያዊ በሃይማኖት ስም አገራችንን ሊበላ የመጣ ሰላይ ነው ብሎ ስላመነ ሊገድለው ወደ ቤቱ ገባ። ኒኮላይም የማስተምረውን ታውቀዋለህን ብሎ ጠየቀው፤ አላውቀውም አለ። እንግዲያስ ያላወቅኸውን እንዴት ትፈርድበታለህ? መጀመሪያ ስማ፤ ከዚያ ፍረድ አለው። ሳዋቤም ሰማ፤ በማግስቱም ተመልሶ መጣ። እያደርም ሰይፉን ትቶ ማስታወሻ መጻፊያ ይዞ የሚመጣ ሆነ።

ብዙ ሰባኪዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ሲያገኙ ከዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ሰይፍ የያዘው ሰው አመነ፣ ሕዝቡም እልል ይላል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሳዋቤ ገና ሳይጠመቅ የሰማውን ሳካይ ለተባለ ሐኪም ወዳጁ አስተማረ፤ ሌላም ሦስተኛ ሰው ተጨመረ። ሦስቱ በ1868 በር ተዘግቶ በምሥጢር ተጠመቁ። ሳዋቤ ስለ እምነቱ ታሰረ። በ1875 ደግሞ ቅስና ተቀብሎ የጃፓን የመጀመሪያው ኦርቶዶክሳዊ ቄስ ሆነ። ከጥምቀት እስከ ክህነት ሰባት ዓመት።

ይህን ሰባት ዓመት ከእኛ 1600 ጋር ላስተያይ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ሚዛኑ ልክ አይሆንም። እኛም ከወገናችን ቀሳውስት ጥንቱንም ነበሩን፤ የጎደለን ጳጳስ ነው። ጃፓናውያኑም ከወገናቸው የሆነ ጳጳስ ያዩት በ1941 ነው። ስለዚህ የሚነጻጸረው 73 ዓመት ነው፤ ይህም ቢሆን ከእኛ ጋር ሲተያይ እንደ አንድ ሌሊት ነው። ኒኮላይ ከሩሲያ የመጡ ረዳቶቹ በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ በየመንደሩ የሚያስተምሩት ጃፓናውያን ራሳቸው ናቸው። እርሱ ከናካይ ጹጉማሮ ከተባለው ጃፓናዊ ሊቅ ጋር ተቀምጦ ዓመት ከዓመት መጻሕፍትን ይተረጕም ነበር፤ ሐዲስ ኪዳን በ1901 ታተመላቸው። አተረጓጐሙ ከፍ ባለ የሊቃውንት ቋንቋ ነውና ለዛሬው የጃፓን ወጣት ከባድ ነው ይባላል፤ እንደ ግእዛችን መሆኑ ነው። ፍጹም ሰው አልነበረም ለማለት ያህል ነው የጻፍሁት።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በ1904 ነው። የኒኮላይ አገር ሩሲያና የልጆቹ አገር ጃፓን ተዋጉ። እስኪ ራሳችሁን በእርሱ ቦታ አድርጋችሁ አስቡት። ዕድሜው ወደ ሰባ ተጠግቷል፤ 43 ዓመት የደከመበት ሕዝብ የአባትህን አገር ሊወጋ ሠራዊቱን አሰልፏል፤ ያጠመቃቸው ወጣቶች ጠመንጃ ይዘው ዘምተዋል። በቶኪዮ ጎዳና ምእመናኑ «የሩሲያ ሰላዮች» እየተባሉ ይሰደባሉ። ልሂድ ወይስ ልቀመጥ ብሎ ጃፓናውያን ካህናቱን አማከረ፤ ተቀመጥልን አሉት፤ ተቀመጠ። ምእመናኑንም አገራችሁን ውደዱ፣ ለንጉሣችሁ ድል ጸልዩ አላቸው። እርሱ ራሱ ግን ሩሲያዊ ነውና በገዛ አገሩ ላይ ድል የሚለመንበትን ጸሎት ሊመራ አይችልም፤ ስለዚህ ጦርነቱ እስኪያልቅ በሕዝብ ፊት ከመቀደስ ተለየ። አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖት የነበረው ያ ራሱ ያሠራው ትልቅ ካቴድራል እዚያው ነው፤ ደወሉ ይደወላል፤ ቅዳሴው ይቀደሳል፤ ጳጳሱ በክፍሉ ተቀምጦ ይተረጕማል። ከ70 ሺህ በላይ የሩሲያ ምርኮኞች ወደ ጃፓን ሲመጡ ደግሞ ሩሲያኛ የሚያውቁትን ጃፓናውያን ካህናት እንዲያገለግሏቸው ላከ። በሩሲያውያን የተማሩት ጃፓናውያን የተማረኩትን ሩሲያውያን አናዘዙ፤ አቈረቡም።

እኔ ይህን ስነብብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ለድላቸው ጸልዩ ብሎ ማዘዝ ማለት ምን እንደ ሆነ አስቡት። የእኔ ናችሁ ማለት ቢፈልግ ኖሮ ጊዜው ያ ነበር። «እኔ ወለድኋችሁ፣ በአገሬ ላይ እንዴት ትጸልያላችሁ?» ቢል ሰው ይፈርድበት ነበርን? ጃፓናውያንን ሩሲያውያን ሊያደርግ አልመጣም ነበርና አላለም። በሌላ በኩል ደግሞ የራሱንም አልካደም፤ እነርሱን ደስ ለማሰኘት ብሎ አብሯቸው አልጸለየም። እነርሱ የአገራቸው ሰዎች፣ እርሱም የአገሩ ሰው እንደ ሆነ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኖሩ።

ሩሲያ ተሸነፈች። ኒኮላይ በ1912 ሲያርፍ ወደ 33 ሺህ የሚሆኑ ምእመናን ነበሩ፤ የጃፓን ንጉሠ ነገሥትም ለቀብሩ የአበባ ጉንጉን ላኩ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሩሲያ አብዮት ፈነዳ፤ ከዚያ ይመጣ የነበረው ገንዘብ ተቋረጠ። በ1923 ደግሞ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን ሲመታ የካቴድራሉ ደወል ቤት ወድቆ ጕልላቱን አፈረሰው። ገንዘብ የሚልክ እናት አገር የለ፤ ኒኮላይ የለ። ምእመናኑ ከኪሳቸው አዋጥተው በ1929 መልሰው አቆሙት። ዛሬም በቶኪዮ «የኒኮላይ ቤት» እየተባለ ይጠራል። ቁጥራቸው ዛሬም ቢሆን ጥቂት ነው፤ ጃፓንም ክርስቲያን አገር አልሆነችም። በቁጥር ለሚመዝን ሰው ሥራው ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ በቁጥር አልመዝነውም።

ከላይ ያነሣሁትን አሁን ልመልሰው። ኒኮላይ ከወጣትነቱ እስከ ሞቱ 50 ዓመት ያህል ከጃፓን ሕዝብ ጋር ኖረ። የእስክንድርያው መንበር ግን አንድ አንድ ሰው ብቻ እየላከ ከሩቅ ነበረ። እጁን ያላቀቀው ቅርብ ሆኖ የኖረው ነው፤ ይዞ የቆየው ሩቅ የነበረው ነው። እኔም ከጓደኛዬ አልጋ አጠገብ ነበርሁ፤ ይሁን እንጂ ያን ያህል ሩቅ ነበርሁ።

ነገር ግን ከእናንተ አንዱ «ታዲያ ሁሉን ልቀቅ፣ እንደ ወደዱ ይመኑ ልትለን ነው?» ቢለኝ፣ እንዲህ አልልም። ይህንንም ከራሳችን ቤተ ክርስቲያን የውጭ አገር ስብከት ተምሬአለሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ጃማይካን በጐበኙ ጊዜ በዚያ እርሳቸውን እንደ አምላክ የሚያመልኩ ራስ ተፈሪያውያን ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ተልከው በጃማይካ ቤተ ክርስቲያናችንን መሠረቱ። እንግዲህ ከእነዚህ ሰዎች ይልቅ ኢትዮጵያዊ ለማድረግ የሚቀል ሕዝብ ከየት ይገኛል? ሰንደቅ ዓላማችንን ለብሰዋል፤ ቋንቋችንን ሊማሩ ይናፍቃሉ፤ የአገራችንን ስም ሲሰሙ ያለቅሳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በንጉሡ ስም እንዲጠመቁ ጠየቁ። ካህኑ «እሺ» ቢሉ ሕዝብ ይጐርፍላቸው ነበር፤ ላኪው መንግሥትም የሚከፋው አይመስለኝም። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ካልሆነ አላጠምቅም አሉ። የተቈጡ ተመልሰው ሄዱ፤ የቀሩትም ተጠመቁ። ቅዳሴውም ሕዝቡ በሚሰማው በእንግሊዝኛ ይቀደስላቸው ነበር። በዘፈኑ የምታውቁት ቦብ ማርሌይ በ1980 ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀው በእኛው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲያርፍም በኪንግስተን ጸሎተ ፍትሐቱ በእኛ ሥርዓት ተደርጎለታል።

ልብ በሉ፤ እኒህ አባት በቋንቋው ለቀቁ፤ በስሙ ግን አልለቀቁም። እኔ ያደረግሁት ተቃራኒውን ነው። ጓደኛዬ ስለ ሥላሴ የጠየቀኝን ብዙ ጥያቄ ሳልመልስ አልፌዋለሁ፤ ነጠላው ተዛንፎ ባየሁ ጊዜ ግን አንድም ቀን ሳላስተካክል አላለፍሁም።

እርግጥ የቱ ሃይማኖት፣ የቱ ደግሞ ያገር ልማድ እንደ ሆነ መለየት እንዲህ በወረቀት ላይ እንደሚጻፍ ቀላል አይደለም። ጾም ሃይማኖት ነው፤ በጾም ቀን ሽሮ መብላት ግን ያገራችን ነገር ነው። ጫማ ማውለቅ የትኛው ነው? ከበሮውስ? ነጠላውስ? በዚህ ጉዳይ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ጋር ሦስት ቀን ተከራክረን አልተስማማንም። በመጨረሻ አቋቋም ወደሚያስተምሩን መሪጌታ ሄጄ ታሪኩን ሁሉ ነገርኋቸው።

«የኔታ፣ አጥፍቻለሁን?» አልኋቸው።

መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲሰሙኝ ቆዩና «ጌታ ይህን ጸሎት ለሐዋርያት ያስተማራቸው በግእዝ መሰለህ?» አሉኝ።

«አይደለም፣ የኔታ።»

«በአማርኛስ?»

ዝም አልሁ። እርሳቸውም ሣቁ፤ ከዚያ ሣቃቸውን አቁመው «ልጄ፣ እኔ ይህን ዜማ ሃያ ሁለት ዓመት ተምሬዋለሁ። ከእርሱ የሚጣፍጥ ነገር በዓለም አለ ብትለኝ አላምንህም። ግን እኔም መጀመሪያ እግዚአብሔርን የጠራሁት በእናቴ ጓዳ፣ እናቴ በምትጠራው አጠራር ነው። የዚያን ልጅ ጓዳ ዘጋህበት» አሉኝ። ተግሣጹ ከበደኝ። «አሁንስ ምን ላድርግ?» ብላቸው «እኔን ትጠይቀኛለህ? እርሱን ጠይቀው እንጂ» ብለው ወደ ማኅሌቱ ገቡ።

ባለፈው ወር በስልክ መልእክት ጻፍሁለት። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የጻፍሁትን ሦስት ጊዜ አፍርሼ ነው የላክሁት። አባታችን ሆይንም በአያቱ ቋንቋ ጽፎ እንዲልክልኝ ለመንሁት። አምስት ቀን ያህል መልስ አልመጣም። በስድስተኛው ቀን መለሰልኝ። ጸሎቱን ግን አልላከውም። ቋንቋቸው ጥቂት ሰው የሚናገረው ነው፤ ሲጸለይበትም ሰምቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ራሱ እየተረጐመው መሆኑን ጻፈልኝ። ለካስ ያን ማታ የጠየቀኝ ገና ለመጀመር አስቦ ነበር። እስካሁን ሁለት ቃል እንዳስቸገረው ይናገራል። «መንግሥትህ» የሚለውን ሲጽፈው የመንደራቸው አለቃ ግዛት እየመሰለ አስቸግሮታል፤ «ፈተና» የሚለውም በእነርሱ አነጋገር ብዙ ስም አለው። ስለዚህ የቱ ቃል እንደሚሻል ማታ ማታ አያቱን ይጠይቃቸዋል። እርሳቸውም ቃሉን ከመንገራቸው በፊት፣ ይህን የምታናግረው ማንን ነው ብለው ጠይቀውታል።